ስድስት ቧንቧ ያለው ቤት

ለሥራ ብዬ ወደማላውቀው ከተማ የሄድኩ ሰሞን መጀመሪያ የፈለግኩት የምተኛበት ቤት ነው፤ ቀጥሎ የፈለግኩት ፐብ። አትሳቁ። ሰው በማያውቁበት ከተማ ከሥራ ወጥቶ ቀጥታ ወደ ክፍል መግባትና ከግድግዳ ጋር መፋጠጥ ከሳምንት በላይ አይቻልም። ታዲያ የተገኘው መጠጥ ቤት ሁሉ ይሁን ማለቴ አይደለም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የፈለግኩት። የማያሳፍር ክራፍት ቢራ፣ ትንንሽ ጠማቂዎች የሚጠምቁት ዓይነት፣ የሚቀዳበት፣ ደግሞም ብቻዬን ገብቼ ብቀመጥ «ይሄ ደግሞ ማነው?» ብሎ የሚያፈጥብኝ የሌለበት የሰፈር ቤት።

ሁለቱ አብረው የማይሄዱ መስሎኝ ነበር። ቢራው የሚጥምበት ቤት ሰዉ ይኮራል፣ ሰዉ የሚጥምበት ቤት ደግሞ ቢራው ቀሽም ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። አራት ወር ዞርኩ፤ አሥራ አምስት ቤት ሳልገባ አልቀረሁም። የማወራችሁ ግን ስለ ሦስቱ ብቻ ነው፣ የቀሩት የእነዚህ ቅጂ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። እናንተ ያላችሁበት ከተማ ውስጥም እነዚሁ ሦስቱ ይኖራሉ፤ ታፔላው ብቻ ነው የሚለየው።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት በስልኬ ነው። አንታፕድ የሚባል አፕ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረ። ሰዉ የጠጣውን ቢራ እየመዘገበ ከአምስት ነጥብ ይሰጣል። ቢራ ለመምረጥ ጥሩ ነው፣ ቤት ለመምረጥ ግን አይሆንም። ነጥብ ሰጪው እጁ የሚፈታው ለየት ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ የረዘመ ቤት ሁልጊዜ ከላይ ይወጣል። ወንበሩ ይመች አይመች፣ ብርጭቆው በደንብ ይታጠብ አይታጠብ፣ አስተናጋጁ ሰላም ይበል አይበል ነጥቡ ውስጥ የለም። ይሄን ያኔ የት አውቄ። ከላይ የወጣውን ይዤ ሄድኩ።

አርባ የቢራ ቧንቧ፣ ከየአንዱ ሌላ ሌላ ቢራ የሚቀዳበት! ግድግዳው ላይ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ሰሌዳ ያለ ስክሪን ተሰቅሏል። የቢራው ስም፣ የአልኮሉ መጠን፣ ጠማቂው፣ ሁሉም እየተገላበጠ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ዓይኔ የቱን ይያዝ። ባንኮኒው ጋ ቆሜ አንዱን አይፒኤ አዘዝኩ።

አይፒኤ ለማታውቁት፣ ሆፕ የሚባለው አበባ በብዛት የሚገባበት ቢራ ነው። ሆፕ ምሬቱንም ሽታውንም ይሰጣል፤ እንደየዓይነቱ ብርቱካን ብርቱካን፣ ማንጎ ማንጎ፣ አንዳንዴም የጥድ ሙጫ ይሸታል። ችግሩ ይሄ ሽታ አይቆይም። ሙቀትና አየር ሲያገኘው ይበናል፣ ሲሰነብትም ይደክማል። ለዚህ ነው አይፒኤ አታቆዩት የሚባለው። የኔ ብርጭቆ ብርቱካን አልሸተተም። የራሰ ካርቶን ነው የሸተተው። በረንዳ ላይ ተረስቶ ዝናብ የመታውን ካርቶን ታውቃላችሁ? እሱን። አየር የገባበት ቢራ ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል።

ዋጥ አደረግኩትና ሌላ አዘዝኩ፣ ቀለል ያለ ፒልስነር። ይሄኛው ደግሞ ከኋላው ኮምጣጤ አለው። ፒልስነር ስስ ቢራ ነው፣ ጥፋት የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ቀጂውን ልጅ ጠራሁትና በትሕትና «ይቅርታ፣ ይሄ የኮመጠጠ መሰለኝ» አልኩት። ብርጭቆውን አላነሳውም። አላሸተተውም። «ክራፍት ቢራ እንዲህ ነው፤ ስላልለመድከው ነው» ብሎኝ ዞረ። ስላልለመድከው! ሒሳቤን ከፍዬ ግማሹን ትቼ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ንዴቴን በሒሳብ አበረድኩ። እስቲ አብራችሁኝ ቁጠሩ። አንድ የሰፈር ቤት በአንድ ምሽት መቶ ብርጭቆ ይሸጣል እንበል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሊትር። 50 ሊትር ማለት ነው። ቤቱ ስድስት ቧንቧ ኖሮት በየቧንቧው 30 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቢገጠም በጠቅላላው 180 ሊትር ነው፤ በአራት ቀን ገደማ ሁሉም ያልቃል። አሁን ያንኑ መቶ ብርጭቆ ለአርባ ቧንቧ አከፋፍሉት። 1,200 ሊትር። 24 ቀን። ያውም በአማካይ ነው፤ ሰዉ የሚወደው በሳምንት ሲያልቅ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ቸኮሌት የገባበት ጥቁር ቢራ ሁለት ወር ተገትሮ ይከርማል። በየምሽቱ አምስት መቶ ሰው የሚገባበት ቤት አርባም ሃምሳም ቧንቧ ቢኖረው ምንም አይደል። እኔ የገባሁ ለታ ግን ዘጠኝ ሰው ነበርን። ቆጥሬያለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ስገባ ቧንቧውን ሳይሆን ሰውን ነው የምቆጥረው።

ኮምጣጤውስ? እሱ ከመስመሩ የመጣ መሆን አለበት። ቢራው ከበርሜል እስከ ቧንቧ የሚመጣው በቀጭን ቱቦ ነው፤ ካልታጠበ ውስጡ እርሾና ባክቴሪያ ይጣበቅበታል። የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ በኬሚካል ይታጠብ ይላል። ብሪታንያ ውስጥ በየሳምንቱ ማጠብ የተለመደ ነው። አርባ መስመር ማጠብ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቢራም ይደፋል። ቸልተኛ ቤት የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው። ቅቤ ቅቤ ካላችሁም ጠርጥሩ። ዳያሴቲል የሚባል ነገር ነው፣ አንዳንዴ ከጠመቃው፣ አንዳንዴ ከቆሸሸ መስመር ይመጣል።

በዓይንም የሚታይ ነገር አለ። ቢራው ተቀድቶ ሲመጣ ከውስጥ በኩል ብርጭቆው ላይ ልጥፍ ያሉ አረፋዎች ካያችሁ ብርጭቆው ቅባት ወይም ሳሙና አልለቀቀም። የቧንቧውን አፍ ብርጭቆው ውስጥ ባለው ቢራ የሚነክር ቀጂ ካያችሁ፣ ያ አፍ ቀጥሎ የእናንተ ብርጭቆ ውስጥ እንደሚገባ አስቡ። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ለጌጥ መስኮት ላይ ደርድሮ ፀሐይ የሚያስመታ ቤትም አለ። ብርሃን ሲመታው ከሆፑ የሚወጣው ሽታ ስካንክ የሚባለው እንስሳ ጠላቱ ላይ ከሚረጨው ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። አፍንጫችሁ ያውቀዋል፣ ስሙን ባታውቁትም።

ወደ ሁለተኛው ቤት ልለፍ። ይሄ የጠማቂዎቹ የራሳቸው ነው፣ መጋዘን ውስጥ፣ ትልልቆቹ የብረት ጋኖች ከጠረጴዛው ጀርባ ተገትረው ይታያሉ። ቢራው ግሩም ነው። ከጋኑ እስከ ብርጭቆው አሥር እርምጃ አይሞላም፤ አይፒኤው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይጮሃል። ስለ ቢራ ብቻ ቢሆን ፍለጋዬ እዚያ ባለቀ ነበር። ግን ጠረጴዛው ሁሉ አሥራ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ሰዉ ሁሉ በቡድን የመጣ፣ ሙዚቃው ጆሮ የሚበሳ። የሚታዘዘው ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ኮድ በስልክ አንስቶ ነው። ቢራው ይመጣል፣ ያመጣው ልጅ ፊቱን ሳታዩት ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የሰማሁት ቃል «ይሄ ወንበር ሰው አለው?» የሚል ብቻ ነው። የለውም አልኩ፤ ወንበሩን ይዘውት ሄዱ።

ለልደት፣ ወይ ከአምስት ጓደኛ ጋር ከሆናችሁ ሂዱ፣ አትቆጩም። ለብቸኛ ሰው አይሆንም።

የፍለጋ ዘዴዬን ያስቀየረኝ አንድ የድሮ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ከሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የመጡ አራት ሰዎች ለእረፍት አየርላንድ ሄደው ሳለ አንድ ማኅበር መሠረቱ። ያንገበገባቸው ነገር፣ አገራቸው ውስጥ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ቢራውን እያጣሩና ጋዝ እየሞሉ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረጋቸው ነበር። ማኅበሩ ካምራ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ደግሞ የፐብ መመሪያ ያሳትማል። እኔን ደስ ያለኝ ቤቶቹን የሚመርጡት ተቀጣሪ ቀማሾች አለመሆናቸው ነው። በየአካባቢው ያሉ አባላት ናቸው፣ እዚያው ሰፈር የሚጠጡ ሰዎች። ቅዳሜ ማታ አምሮበት ብቻ ሳይሆን ዝናባማ ረቡዕ ላይ ባዶውን ያዩት ሰዎች።

ካምራዎች በተለይ የሚሟገቱለት ካስክ ኤል ለሚባለው ቢራ ነው። በርሜሉ ውስጥ ሆኖ እርሾው ሥራውን የሚቀጥል፣ ጋዝ ሳይጨመርበት በእጅ ፓምፕ እየተሳበ የሚቀዳ። የሚጠጣው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ስለሆነ ያልለመደ ሰው «ሞቋል» ብሎ ይመልሰዋል። ዋናው ነገር ግን ዕድሜው ነው። ካስክ አንዴ ከተከፈተ ሦስት ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ መበላሸት ይጀምራል። ሦስት ቀን! ሰው የማይመላለስበት ቤት ካስክ ልሽጥ ቢል ግማሹን ሲደፋ ነው የሚኖረው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። የሰዉ ደግነትና የቢራው ጥሩነት ለየቅል መስለውኝ ነበር፣ ለካ አንዱ ነው ሌላውን የሚያመጣው። ደንበኛው ስለሚመላለስ በርሜሉ ቶሎ ያልቃል፣ በርሜሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ቢራው አያረጅም፣ ቢራው ስላላረጀ ደንበኛው ነገም ይመጣል። ጎረቤቱን ያስኮረፈ ቤት የፈለገውን ያህል ውድ ቢራ ቢገዛ ቱቦ ውስጥ ያስረጀዋል።

ስለዚህ «ጥሩ ክራፍት ቢራ የት አለ?» ብዬ መጠየቅ ተውኩ። እንዲያ ሲሉት ሰው አርባ ቧንቧውን ነው የሚጠቁመው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየውን። «አንተ ራስህ ማክሰኞ ማታ የት ነው የምትጠጣው?» ማለት ጀመርኩ። ፀጉር አስተካካዬን ጠየቅኩት። ሁለተኛው ቤት ተመልሼ አንዱን ቀጂ፣ ወንበር እየሰበሰበ ሳለ ያዝኩትና ጠየቅኩት። በተለይ ቀጂ ጠይቁ። ቀኑን ሙሉ ቢራ ሲቀዳ የሚውል ሰው በዕረፍት ቀኑ የትም አይሄድም፣ የሚሄድበት ካለ ግን እሱን ቤት እመኑት። የማይተዋወቁት ሁለቱ ሰዎች አንድ ቤት ነገሩኝ።

ሳላየው ሁለቴ አልፌዋለሁ። ድሮ ጫማ መጠገኛ ነበር አሉ፤ የድሮው ጽሑፍ ደብዝዞ መስኮቱ ላይ አሁንም አለ። ሃያ አምስት ሰው ከገባ ሞላ። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ቤት ማይክሮፐብ ይሉታል። የመጀመሪያው የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2005 ኬንት ውስጥ ሄርን በምትባል መንደር፣ ሥጋ ቤት የነበረች ክፍል ውስጥ ማርቲን ሂሊየር የሚባል ሰው የከፈተው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ቢራ፣ ሙዚቃ የለም። ሙዚቃ ከሌለ ሰው ምን ያደርጋል? ያወራል እንጂ።

ከባንኮኒው ኋላ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ስድስት ስም በጠመኔ ተጽፏል። ከየስሙ ጎን ደግሞ በርሜሉ የተከፈተበት ቀን። ዕለቱ ሐሙስ ነበር፤ ሦስቱ «ማክሰኞ»፣ ሁለቱ «ረቡዕ»፣ አንዱ «ዛሬ» ይላሉ። ያን ሁሉ ቤት ዞሬ ይሄን የጻፈ አላየሁም። ቆሜ ሳነብ ባለቤቷ አዩኝ። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴትዮ ናቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለውታል። «የሚጠጣ ነው የፈለግከው ወይስ የሚነበብ?» አሉኝ።

«ዛሬ የሚለውን» አልኩ።

«እሱ ኃይለኛ ነው፣ መጀመሪያ ቅመሰው።» ሳልጠይቅ በትንሽዬ ብርጭቆ ጠብ አድርገው ሰጡኝ። ቀመስኩ። ከበደኝ። ምንም ሳልናገር ፊቴን አይተው «ነገርኩህ» አሉና ወደ ሌላ ቧንቧ ሄዱ፣ ፔል ኤል ወደሚባለው ፈካ ያለ ቢራ።

አቀዳዳቸው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አደረጉት። ዘንበል አድርገው ያዙት። ቧንቧውን በአንዴ ለቀቁት፣ አፉ ብርጭቆውን ሳይነካ። ሊሞላ ሲል ቀና አድርገው ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ አወጡበት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ትንሽ ጠበቁ፣ እኔም ጠበቅኩ። አረፋ ሲያይ «ጎደለብኝ» የሚል ጠጪ አለ፤ እኔም ድሮ እንደዚያ ነበርኩ። ሽታውን ይዞ የሚወጣው ግን አረፋው ነው፣ ደግሞም ብርጭቆ ውስጥ ያልወጣ ጋዝ ሆድ ውስጥ መውጣቱ አይቀርም። በንጹህ ብርጭቆ ሲጠጣ አንድ ጉንጭ በተጎነጩ ቁጥር አረፋው ቀለበት ጥሎ ይወርዳል። ስጨርስ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት። ብርጭቆው ንጹህ ነበር፣ እኔም ጠምቶኝ ኖሯል።

ሰሌዳው ላይ ሌላም ነገር አለ። አንደኛው ስም ሥር በደቃቁ «የትልቁ ፋብሪካ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጥሩ ቢራ ነው፣ ሰዉ ይወደዋል፣ ግን ማን እንደሚሠራው አውቆ ይጠጣ» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ቺካጎ የተጀመረውን ጉስ አይላንድን እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለማችን ትልቁ የቢራ ድርጅት ኤቢ ኢንቤቭ ነው የገዛው፤ ከዚያ በኋላም ብዙዎች ተከትለዋል። ስሙና ሥዕሉ እንደ ድሮው ስለሚቀጥል ጠጪው ላያውቅ ይችላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ጠማቂዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 የተገለበጠ ጠርሙስ ሥዕል ያለበት ምልክት አውጥቶ ያልተሸጡት ጠማቂዎች እንዲለጥፉት ያደረገው። ማኅበሩ «ትንሽ» የሚለው በዓመት፣ በአሜሪካ በርሜል መለኪያ፣ እስከ ስድስት ሚሊዮን በርሜል የሚጠምቀውን ነው፣ ወደ 700 ሚሊዮን ሊትር መሆኑ ነው። ትንሽ! እኔ በበኩሌ ባለቤቱ ማንም ይሁን ቢራው ካላረጀ እጠጣዋለሁ። የሚነግረኝን ቤት ግን ከማይነግረኝ አስበልጣለሁ።

አሁን ስለ ሰዉ። ወዳጃዊ ቤት ሲባል ገና ከበሩ የሚያቅፋችሁ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ማንም አላናገረኝም፣ ሰላም ብቻ። ብቻዬን ጠጣሁ፣ ወጣሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ከጎናቸው ያለው ወንበር ላይ የነበረውን ጋዜጣ አነሱና ጭናቸው ላይ አደረጉት። በቃ፣ ሌላ ምንም አላሉም። ሄጄ ተቀመጥኩ። ግማሽ ብርጭቆ ድረስ ዝም ተባባልን፣ ከዚያ ስለ ጥቁር ቢራ ጀመሩልኝ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ቀጠሉ፣ እስኪዘጋ አላቆሙም። ሬይ ኦልደንበርግ የሚባሉ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ቤትም ሥራም ያልሆነውን፣ ሰው ለጨዋታ ብቻ የሚሰበሰብበትን ቦታ «ሦስተኛ ቦታ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ነው የጻፉት። ያ ቦታ ሙዱን የሚያገኘው ከቋሚዎቹ ደንበኞች ነው ይላሉ። እኔ ጋዜጣው ሲነሳ ነው ያመንኳቸው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬንም ወስጃት ነበር፤ በሌላ ቀን ብቻዋን ተመልሳ ሄደች። መጽሐፏን ይዛ ሁለት ሰዓት ስትቀመጥ አንድ ሰው አልተጠጋትም አለችኝ። ለሷ ትልቁ ነጥብ እሱ ነበር። ሌላ ምሽት ደግሞ አንዱ ሞቅ ብሎት ድምፁን ከፍ ማድረግ ሲጀምር ሴትዮዋ ባንኮኒውን ዞረው መጡና አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ፊቱ አስቀመጡ። «ዛሬ በቃህ። ነገ ና፣ ነገም እዚሁ ነን» አሉት። በነጋታው መጣ። አፍሮ ነበር፣ ማንም ግን አላነሳበትም።

ያን የኮመጠጠ ፒልስነር ታስታውሳላችሁ? እዚህም ደረሰብኝ። ወር ሳይሞላኝ አንድ ምሽት የቀረበልኝ ቢራ ቅቤ ቅቤ አለኝ። የመጀመሪያው ቤት ልጅ ትዝ ብሎኝ ዝም ልል ነበር። ከዚያ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበሉ፣ ወደ መብራት አነሱት፣ አሸተቱት፣ አንድ ጉንጭ ቀመሱ። ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ በኔ ላይ ሳይሆን በቢራው። «ጥሩ አደረግክ» አሉኝ፣ ቧንቧውን ዘጉት፣ ሰሌዳው ላይ ስሙን ሰረዙት። ይሄ ብቻ አይደለም፤ ያንኑ ቢራ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ጋ ሄደው ብርጭቆአቸውን ወሰዱና ሌላ ቀዱላቸው። አንደኛው «እኔ እኮ ጥሞኝ ነበር!» እያለ አንድ ምሽት ሙሉ አኮረፈኝ።

የማይመች ነገር የለውም አልልም። መጸዳጃ ቤቱ አንድ ነው፣ ያውም በጠባብ ደረጃ ወደ ታች ተወርዶ፤ እግሩን የሚያመው ሰው ይቸገራል፣ አዛውንቱም ሁልጊዜ ያማርራሉ። ማታ አራት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ አራት ሰዓት ማለት አራት ሰዓት ነው። ሰኞ የለም። አልኮል የሌለው ቢራ ለሚፈልግ አንድ ዓይነት ብቻ ነው ያለው፣ በጠርሙስ፤ ለሚነዳ ሰው ወይ ለማይጠጣ ጓደኛ ይሄ ያንሳል። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነው፣ ማንም አላሠራውም። ደግሞ ሐሙስ የወደዳችሁትን ቅዳሜ አታገኙትም። መጀመሪያ ሰሞን ይሄ ያናድደኝ ነበር። አንድ ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ ወድጄ በሦስተኛው ቀን ስመለስ ስሙ የለም፣ ቦታው ላይ ሌላ ተጽፏል። ለሴትዮዋ ቅሬታዬን ስነግራቸው «ብቆጥበውልህ ኖሮ ትጠላው ነበር» አሉኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ እናንተ ከተማ ያለውንም ቢሆን፣ አርብና ቅዳሜ አትጀምሩ። አርብ ማታ ሁሉም ቤት ጥሩ ቤት ይመስላል። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ፣ ከሥራ መውጫ ትንሽ ቆየት ብላችሁ ግቡ። ጠረጴዛ ሳይሆን ባንኮኒው ጋ ቁሙ። «ቅርብ ጊዜ የተከፈተው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ካለ ተቀመጡ። «ሁሉም ያው ነው» ከተባላችሁ የታሸገ ነገር ጠጥታችሁ ውጡ፣ ወይም ዝም ብላችሁ ውጡ።

ባለፈው ሐሙስ ስታውቱ ተመልሶ መጥቶ ነበር። ሰሌዳው «ማክሰኞ» ይላል። ሦስታችን፣ እኔና አዛውንቱ፣ ያ ያኮረፈኝ ሰውዬም ጭምር፣ እኩል አዘዝን። ሴትዮዋ ቧንቧውን ሲለቁት ትንሽ ወረደና ማስነጠስ ጀመረ፤ አረፋ፣ አየር፣ እንደገና አረፋ። በርሜሉ አልቋል። ብርጭቆው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ሳቁ፣ ሦስቱን የቅምሻ ብርጭቆ አወጡ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው እኩል እኩል እያደረጉ አካፈሉን። ከዚያ ዞረው ስሙን በእጅጌያቸው ጠረጉት።